አርባ አንድ ዝርያ ከምሳ በፊት

ታሪክ ፍርዷን እስክትሰጥ ድረስ ተደብቀው መቆየት የማይገባቸው ሥራዎች አሉ። የመሥሪያ ቤታችን ሥራ አንዱ ነው። ስለዚህ እኔ አገርነሽ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሌሎችን ጀግንነት በፋይል ሳስር የኖርኩ፣ ዛሬ እስክሪብቶዬን ለራሴ አንስቻለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ሶዶ ውስጥ ነው፤ ግቢው ውስጥ ቆሞ ቀና ላለ ሰው የዳሞታ ተራራ ይታያል፤ በሩ ላይ ስለ ዝርያ ማሻሻልና ስለ ተክል ጥበቃ የሚያወራ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከዚህ በላይ መናገር ትሕትናችንን ይጎዳል።

ዝርያ ማሻሻል መቼም ቀልድ አይደለም። ሌላው ዓለም አንዲት አዲስ ዝርያ ለማውጣት አሥር ዓመት ይፈጅበታል አሉ። ይመርጣሉ፣ ያዳቅላሉ፣ ይዘራሉ፣ ዝናብ ይጠብቃሉ፣ ተባይ ይበላባቸዋል፣ ደግሞ ከሀ ይጀምራሉ። ምስኪኖች! እኛ እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ ገብተን አናውቅም። የሩብ ዓመት ሪፖርታችን ላይ «አዲስ የተገኙ ዝርያዎች ብዛት» የሚል ዓምድ አለ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዕቅዱ አራት፣ ክንውኑ ዜሮ ነበር። ዜሮዋ እንዳትሰለቸን አንዳንዴ በሰረዝ እንተካት ነበር።

ይህን የጨለማ ዘመን ያበቁት አቶ አምባቸው ናቸው። አቶ አምባቸው የሰብል ባለሙያችን ናቸው። ከጎጃም ተመድበው ከመጡ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። በጤፍ ነገር ማንም አይደርስባቸውም፤ ይህን ስል ሽሙጥ የለበትም። እንሰትን ግን እስከ ዛሬ ከሙዝ የሚለዩት ሰው ሲነግራቸው ነው። ሰባት ዓመት አጭር ጊዜ ነው፣ አይፈረድባቸውም።

አንድ ቀን ስልካቸው ላይ የአትክልት ጨዋታ ጫኑ። ጨዋታው እንዲህ ነው፤ ትንሽ መሬት ይሰጥሃል። ቀይና ቢጫ ተክል ጎን ለጎን ትተክላለህ፣ በጣትህ ውኃ ታጠጣለህ፣ አበባቸው ሲከፈት ታዳቅላለህ፣ ብርቱካንማ ይወለዳል። ብርቱካንማውን ከሰማያዊ ጋር ታጋባዋለህ፣ በዓለም ላይ ታይቶ የማይታወቅ ቀለም ይወጣል፣ ስልኩ እልል ይላል። ጨዋታው ውስጥ አንዲት ትልልቅ ቅጠል ያላት ተክል አለች። አቶ አምባቸው ትኩር ብለው አይተው «ይቺ እንሰት ናት» ብለው መዘገቧት። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያሉ በዚህ ዓይነት ሀብት ይቀልዱ ነበር። ኔትወርክ ስላልነበራቸው ነው።

የሪፖርቱ ቀን ደረሰ። ሶፍያ የዕቅድና የሪፖርት ባለሙያችን ናት፣ ቅጹን ይዛ መጣች።

«አቶ አምባቸው፣ አዲስ ዝርያ የሚለው ላይ ያው ዜሮ ልበል?»

«ለምን ዜሮ? አርባ አንድ በይ።»

«አርባ አንድ ምን?»

«ዝርያ ነዋ! ሐምራዊዋ እንሰት ዛሬ ከምሳ በፊት ወጣች።»

ስልካቸውን አሳዩዋት። ሶፍያ አየች።

«ይሄ እኮ ጨዋታ ነው።»

«ቅጹ ላይ ‹የት የተገኘ› የሚል ዓምድ አለ?»

ሶፍያ ቅጹን አገላብጣ ፈለገች። የለም። ሶፍያ ደግሞ ሕግ አክባሪ ናት፤ አርባ አንድ ብላ ጻፈች። ኮምፒውተሩ አፈጻጸሙን አንድ ሺህ ሃያ አምስት በመቶ ብሎ አወጣው፣ ሣጥኗም አረንጓዴ ሆነች። በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አረንጓዴ ነገር ያየነው እዚያ ላይ ነው።

በሳምንቱ ከበላይ አካል የምስጋና ደብዳቤ መጣ። ተሞክሮው ተቀምሮ ይስፋ ይላል። ኃላፊያችን አቶ ሰብስቤ ሠራተኛውን አዳራሽ ሰብስበው ንግግር አደረጉ፤ ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ።

«ጓዶች፣ አፈር የኋላቀርነት ምልክት ነው» አሉ። «አፈር ይቆሽሻል፣ አፈር ይሸረሸራል፣ አፈር ዝናብ ይጠይቃል። እኛ ከአፈር ጥገኝነት ወጥተናል!»

አጨበጨብን። ከዚያ እያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ማሳ እንዲከፍት መመሪያ ወረደ። የጨዋታው ማሳዎች ጎረቤታሞች ናቸው፤ የአንዱ አጥር ከሌላው ይገናኛል። የአቶ ሰብስቤ በመሀል፣ የአቶ አምባቸው በቀኝ፣ የሶፍያ በግራ፣ የጥበቃው ከኋላ ሆነ። አቶ ሰብስቤ ሦስት ወር ደክመው ወርቃማ እንሰት አወጡ። ቅጠሏ ያብለጨልጫል። እንግዳ ሲመጣ ሻይ ከመጋበዛቸው በፊት እሷን ያሳያሉ። እኔም ማሳ ነበረኝ፣ አልዋሽም፤ ሁለት ቀይ ተክዬ ቀይ ወለዱልኝ፣ ተውኩት።

በዚህ የልማት ግለት መሀል ነው አባይነሽ የመጣችው።

አባይነሽ ከቦምቤ በላይ ካለ ቀበሌ የምትመጣ ገበሬ ናት። ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥታ መዝገብ ቤቱ በር ላይ «ሳሮ?» አለችኝ። በቋንቋችን ደኅና ነሽ ወይ ማለቷ ነው። እጇ ላይ በፌስታል የታሰረ የደረቀ ቅጠል ይዛለች። ልቀበላት ስል ወደ ኋላ አለች።

«አትፍቺው፣ ይጋባል» አለችኝ። «እንሰቴ ታመመ። በጓሮዬ ሰባ ነበረ። ዘጠኙን ነቅዬ ቀበርኩ፣ ቢላዋዬን በእሳት አቃጠልኩ። ግን በሽታው ከጎረቤቴ ከጋሽ ቶማ በኩል ነው የሚመጣው። ይንቀሉ ብዬ ለመንኳቸው፣ እምቢ አሉኝ። ሚስታቸው ከመሞቷ በፊት የተከለችው ነው። ‹ከመንግሥት ማኅተም ያለው ወረቀት ካላመጣሽ አንዲት ቅጠል አላስነካም› አሉ። እኔ የምፈልገው ወረቀቱን ነው። እንሰቱ ካለቀ ለሚቀጥለው አምስት ዓመት ልጆቼ ቆጮ ከየት ይበላሉ?»

እንሰት እንደ በቆሎ በየዓመቱ አይዘራም፤ አንዱ ከሄደ የሚተካው ለዓመታት ተጠብቆ ነው። ይህን ለእኔ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ፋይል ከፍቼ ይዣት አቶ አምባቸው ዘንድ ገባሁ። ትእዛዝ ለመጻፍ ባለሙያ ሄዶ በዓይኑ ማየት አለበት፤ መመሪያው ነው።

አቶ አምባቸው ከስልካቸው ቀና አላሉም።

«ዛሬ መስክ መውጣት አልችልም፣ እህቴ። ነጩና ሰማያዊው አራት ሰዓት ላይ ይከፈታሉ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካልተዳቀሉ ዘራቸው ይጠፋል።»

አባይነሽ ከልቧ አዘነችላቸው። የእሳቸውም ማሳ የታመመ መስሏት «ጦሲ ይርዳዎት» ብላቸው ወጣች። ጦሲ ማለት እግዚአብሔር ነው፤ አቶ አምባቸው በሰባት ዓመታቸው እሱንም ስላልደረሱበት አሜን አላሉም።

በሳምንቱ ተመለሰች። ያን ቀን ሠራተኛው በሙሉ ስብሰባ ላይ ነበር፤ አጀንዳው የሚቀጥለው ዝርያ ሮዝ ይሁን ቱርኩዋዝ የሚል ነው። ከሰዓት በኋላ ድረስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ስብሰባው ሲያልቅ አቶ አምባቸውን ያዘቻቸው።

«ጌታዬ፣ አሥራ አራት ሆኗል የነቀልኩት።»

«መኪናው ተበላሽቷል እኮ።»

«በሚኒባስ አብረን እንሂድ፣ እኔ እወስድዎታለሁ።»

«በሚኒባስ?» አሉ አቶ አምባቸው፤ ባዶ እግርህን ና የተባሉ ያህል ደነገጡ። «ለመስክ ሥራ በሕዝብ ትራንስፖርት መሄድ አሠራሩ አይፈቅድም። ሐሙስ ነይ።»

ሐሙስ መጣች። እሷ ስትመጣ ግቢው ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። ሌሊቱን ጨዋታው ራሱን አድሶ አዲስ ነገር ይዞ ነበር፤ በሽታ። የአቶ አምባቸው ሐምራዊዎች ጎብጠዋል፣ የሶፍያ ሮዞች ተኝተዋል፣ የጥበቃው ማሳ ግማሹ ጠፍቷል። መሥሪያ ቤታችን ቸልተኛ ነው የሚል ሰው ያን ጠዋት ቢያየን አፉን ይዘጋ ነበር። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ግብረ ኃይል ተቋቋመ። ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ የቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ ተመረጠ። ለአራት ወር የቆመችው መኪና የስልክ ባለሙያ ለማምጣት በአንድ ቁልፍ ተነሳች! እኔ በመስኮት ቆሜ ጭሷን አየሁት፣ ንድድ አልኩ፣ አባይነሽም ከጎኔ ቆማ አየችው። 

ጥበቃው የራሱን ማሳ ስለሚያጽናና የከለከላት የለም፤ ቀጥ ብላ አዳራሹ ገባች። በአቶ አምባቸው ትከሻ ላይ አጎንብሳ ስልኩን አየች።

«ይሄማ አጠውልግ ነው» አለች።

ግብረ ኃይሉ በሙሉ ዞረ።

«በምን አወቅሽ?» አሉ አቶ አምባቸው።

«የመሀሉ ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሆኖ ታጥፏል። የእኔም እንዲህ ነው የጀመረው።»

«መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት የለውም። የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ መቅበር ነው፣ የቆረጡበትን ቢላዋ በእሳት ማቃጠል ነው።» ጣቷን ስልኩ ላይ ካለው አጥር ማዶ አደረገች። «ይሄ የማን ነው?»

«የኃላፊያችን።»

«እዚህ ነው ያለው በሽታው። የጎረቤት ካልተነቀለ የእናንተ አይድንም።»

 አጥሩ ማዶ የቆመችው ወርቃማዋ ነበረች።

ወዲያው ሦስት ሽማግሌዎች ተመርጠው ወደ አቶ ሰብስቤ ቢሮ ተላኩ፤ ጃኬታቸውን ቆልፈው፣ አቶ አምባቸው ከፊት፣ ጥበቃው ከኋላ። እኔ ቃለ ጉባኤ ልይዝ ገባሁ፤ አባይነሽም ተከትላን በሩ ላይ ቆመች።

«ወርቃማዬን?» አሉ አቶ ሰብስቤ። «ሦስት ወር ውኃ ያጠጣኋትን? በዓል እንኳ ከቤተሰቤ ተነስቼ ያጠጣኋትን?»

«ጌታው፣ ለብዙኃኑ ጥቅም ሲባል» አሉ አቶ አምባቸው።

«የራሳችሁን ንቀሉ!»

«የራሳችንን ነቅለናል። ከእርስዎ አጥር እየዘለለ ነው የሚገባው። እባክዎ፣ በልጆችዎ።»

ግማሽ ሰዓት ተለመኑ። በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ወርቃማዋ ጠፋች። እንባቸው ሲወርድ አይቻለሁ፣ በሕግ ፊት ብጠየቅም እመሰክራለሁ። እንዲህ ዓይነት ቆራጥ አመራር ለአንድ ሰፈር ስንት ነገር እንደሚያደርግ አሰብኩ፤ አባይነሽ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ የለመነችን ይህንኑ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ሐምራዊዎቹ ቀና አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አባይነሽ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠብቃ ተናገረች።

«አሁን ወደ እኔ እንሂድ?»

«ወዴት?» አሉ አቶ አምባቸው።

«ወደ ጋሽ ቶማ። እንዲነቅሉ ንገሩልኝ።»

«አንቺ እኮ መድኃኒቱን ከእኛ በላይ ታውቂዋለሽ! እኛ ምን እንጨምርልሻለን?»

«ማኅተም።»

አቶ ሰብስቤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የትእዛዝ ደብዳቤ ያለ መስክ ምልከታ አይጻፍም፣ እህቴ። የምስጋና ደብዳቤ ግን ምልከታ አያስፈልገውም። የሚገባሽ ነው፤ አገርነሽ፣ ጻፊላት።»

ቃል በቃል እያስጻፉኝ ጻፍኩ። ስለ እሷ አንድ መስመር፣ ስለ እሳቸው አንድ አንቀጽ ሆነ። «ጨዋታ» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ጨዋታ የሚለው ቃል ለመሥሪያ ቤት ክብር አይመጥንም። ማሳ በይው።»

የወጣው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «ወይዘሮ አባይነሽ በሰጡት ሙያዊ ምክር መሠረት፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ወርቃማ እንሰታቸው በአጠውልግ በሽታ መያዙን በማረጋገጣቸው፣ ለጎረቤቶቻቸው ማሳ ደኅንነት ሲሉ፣ የግል ሐዘናቸውን ወደ ጎን በመተው፣ ከማሳቸው ነቅለው አስወግደዋል። ይህም ለሌሎች አርአያ እንዲሆን እናሳስባለን።»

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ የተባልኩትን እጽፋለሁ። አንድ ማኅተም ይበቃ የነበረ ቢሆንም ሁለት መታሁበት። ክቡ ማኅተም ነው፣ ቀለሙንም አላሳሳሁም።

የቀጠለውን አባይነሽ ናት የነገረችኝ። ደብዳቤውን ይዛ በቀጥታ ጋሽ ቶማ ደጅ ሄደች። ጋሽ ቶማ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ወረቀት ሲያነቡ ሁለት ጊዜ ነው የሚያነቡት። አነበቡ። መነጽራቸውን ጠርገው ደገሙት።

«ኃላፊው ራሳቸው ነቀሉ?»

«ነቀሉ። ቆሜ አይቻለሁ።»

«ወርቃማውን? እንዲህ ዓይነት እንሰት ሰምቼም አላውቅ።»

«ለእሳቸው ውድ ነበረ።»

«አለቀሱ?»

«አለቀሱ።»

ጋሽ ቶማ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ተነስተው መቆፈሪያቸውን አነሱ። በዚያው ቀን ሃያ ሦስት እንሰት ነቀሉ፣ ሚስታቸው የተከለቻቸውን ጭምር። አባይነሽ ጉድጓዱን አብራቸው ቆፈረች። የመጨረሻውን አፈር ሲያለብሱ «እሳቸው ከቻሉ እኔ ማን ነኝ?» አሉ አለችኝ፤ እኔ ይህን ስሰማ ከፋይሎቹ ኋላ ገብቼ አለቀስኩ፣ ደግሞም ሳቅኩ፣ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። በእሷ ጓሮ ከዚያ ወዲያ አንድም አልታመመም። ሃምሳ አንድ እንሰት ቀርቶላታል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለሁላችንም ጥሩ ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ግቢያችን በገበሬ ተሞላ። አሥራ አንድ ናቸው፤ ጋሽ ቶማ ከፊት፣ አባይነሽ ከመሀል። ሁሉም መቆፈሪያ ተሸክመዋል። አቶ ሰብስቤ በመጋረጃው ቀዳዳ አይተው ቀለማቸው ተለወጠ።

«ማን ቀሰቀሳቸው? ጥበቃው የት አለ?»

ጥበቃው ውኃ እያጠጣ ነበር። ደግነቱ ሶፍያ ወርዳ አነጋገረቻቸውና የመጡት ለተቃውሞ አለመሆኑን ስትነግረን አቶ ሰብስቤ ወጡ። ጋሽ ቶማ ኮፍያቸውን አወለቁ። እያንዳንዳቸው በቅጠል የተጠቀለለ የእንሰት ችግኝ ይዘዋል።

«ጌታዬ» አሉ ጋሽ ቶማ፣ አማርኛቸውን እየመረጡ። «ሐዘን የደረሰበት ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። እርስዎ ለጎረቤት ብለው ወርቁን ነቀሉ። እኛ ወርቅ የለንም። ንጹሕ ችግኝ ግን ካልታመመው ሰፈር ለምነን አመጣን። ይተካልዎት። ማሳውን ያሳዩን፣ ጉድጓዱን እኛ እንቆፍራለን።»

አቶ ሰብስቤ ወደ አቶ አምባቸው ዞሩ። አቶ አምባቸው አንዱን ችግኝ አገላብጠው አዩና ለሶፍያ «ሙዝ ነው አይደል?» አሏት። ሶፍያ መሬት መሬት አየች። መሬቱ ሲሚንቶ ነው፤ ግቢያችን ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነው፣ ያስመረቅነውም እኛው ነን። አሥራ አንድ ሰው መቆፈሪያ ይዞ ቆሞ መልስ ይጠብቃል። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ታላላቅ መሪዎች የሚታወቁት ግን በእንዲህ ዓይነት ሰዓት ነው። አቶ ሰብስቤ ደረታቸውን ነፉ።

«የተከበራችሁ አርሶ አደሮች!» አሉ። «እነዚህን ችግኞች በመሥሪያ ቤቱ ስም በታላቅ ክብር ተቀብያለሁ። መሥሪያ ቤታችን ደግሞ ለራሱ የሚያስቀር አይደለም። ስለሆነም ዛሬ፣ እዚሁ፣ እነዚህን የተመረጡ ችግኞች በበሽታ ለተጎዱ አርሶ አደሮች በነጻ እናሰራጫለን!»

ጋሽ ቶማ ችግኞቹን ከየሰዉ ሰበሰቡ፤ አቶ ሰብስቤ አንድ በአንድ ከእጃቸው ተቀብለው አንድ በአንድ ለጋሽ ቶማ መለሱላቸው። በእያንዳንዱ ርክክብ ሶፍያ ፎቶ አነሳች፣ እኛ አጨበጨብን። አሥራ አንደኛው ላይ አቶ ሰብስቤ ወደ ካሜራው ፈገግ አሉ። ጋሽ ቶማ ችግኞቹን ታቅፈው ቆመው ቀሩ፤ ወደ ሰውየው አዩ፣ ወደ ሲሚንቶው አዩ፣ በመጨረሻ ወደ አባይነሽ ጎንበስ ብለው በወላይትኛ ጠየቋት።

«ለምንድን ነው የመለሱልኝ? ቅር ያሰኘናቸው ነገር አለ?»

አባይነሽ ሁለት ችግኝ ከእጃቸው ተቀብላ ሸክማቸውን አቀለለችላቸው።

«የለም፣ ጋሽ ቶማ» አለች። «ይዘናቸው እንመለስና ሚስትዎ በተከለችበት ቦታ እንትከላቸው። እነዚህ ሰዎች አፈር የላቸውም።»